የመሸሻ ደን እማኝ

ጆሮ ያለው ይቀመጥ፣ ሥራ ያለው ይሂድ፤ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። የአገሩን ስም ግን አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «እሱማ ሩቅ ነው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ እኔ ደግሞ እንድትገላገሉ አልፈልግም።

በዚያ አገር ዘይት የማይገባበት ነገር አልነበረም። ቀይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ከሚበቅል የዘንባባ ፍሬ ይጨመቃል። ወጡ በእሱ ይቁላላል፣ ሳሙናው ከእሱ ይሠራል፣ መብራቱ በእሱ ይነዳል፣ የሙሽራ እግር በእሱ ይታሻል፣ የሬሳ ግንባር በእሱ ይቀባል። የእኔም እንጀራ ከእሱ ነበር። የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ግቢዎች የበር ማጠፊያዎች የምቀባው እኔ ነኝ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በር አለ፤ አንዱ ሲጥ ካለ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። እጄ ከዘይት ደርቆ ስለማያውቅ በቤቴ ያለ ዳቦ ሁሉ የጣቴ አሻራ ነበረበት፤ ሚስቴ በዚህ ስትነጫነጭ ኖራለች።

ዘይቱ የሚመጣበትን ማዶ ግን ከከተማው ተወላጆች ያየ አልነበረም። የንጉሡ አያት በዘመናቸው «ደን ተጥሎ የተጨመቀ ዘይት ከተማዬ እንዳይገባ» ብለው ደንግገዋል። መልካም ሕግ ነው፤ ማንም አልሻረውም። ይሁንና ደኑ መውደቁንና አለመውደቁን ለማወቅ ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል፤ ሹማምንቱ ደግሞ ውኃ አይወዱም። መከሩ፣ መከሩና አንድ ብልሃት አገኙ። ከየደኑ አንድ አውሬ ተይዞ ይመጣል፤ ስሙም እማኝ ይባላል። እማኙ እስከበላና እስከተነፈሰ ድረስ ደኑ አለ ማለት ነው፤ አውሬ ያለ ደኑ እንዴት ይኖራል? ደኑ ካለ ደግሞ በዘይት ማሰሮው ላይ ማኅተም ይመታል። በማኅተሙ ላይ የተቀረጸችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ቆሟል»።

አውሬዎቹ የሚኖሩበት የእማኞች ግቢ በከተማው መሀል ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር አንድ ቅዳሜ ሄዶ እንዲያይና እንዲጽናና ታዟል። የግቢው ሹም ሊቀ እማኝ ዘርጋው ይባላሉ፤ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ አፈር እንዳይነካቸው ጫማቸውን በሻሽ ጠቅልለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ደን አይተው አያውቁም። ለማየት ቢፈልጉም አይፈቀድላቸውም፤ ደንቡ «ያየ ሰው ያዳላል» ስለሚል ደን ያየ ሰው በደን ላይ አይሾምም።

ከእሳቸው ሥር የትንፋሽ ጸሐፊ አለ። በየማለዳው ላባ ይዞ ይዞርና ከየአውሬው አፍንጫ ፊት ይደቅናል፤ ላባው ከተነቃነቀ «ተነፈሰ» ብሎ ይጽፋል። በነፋሻ ቀን ሁሉም በደንብ ይተነፍሳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ድኩላ ሞቶ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲተነፍስ ሰንብቷል፤ ነፋሱ እስኪያርፍ ድረስ ደኑ አለ ተብሎ ማኅተም ሲመታለት ነበር።

ለጎብኚው የምትናገረው ወይዘሮ ማዘንጊያ ናት፤ ሥራዋ ነጋሪ ይባላል፤ የተሰጣትን ቃል ከመድገም በቀር የምትወስነው ስለሌላት ያ ደንብ አይመለከታትም። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ባሏ የሞተባት፣ በልጅነቷ ከወንዝ ማዶ ለዚህ ከተማ የተዳረች ሴት ናት። እኛ እትዬ ማዘንጊያ እንላታለን። በየፍርግርጉ ፊት በዘንጓ መሬቱን መታ መታ ታደርግና «ይህ የዝናቦ ደን እማኝ ነው። ይበላል። ይተነፍሳል። ደኑ ቆሟል» ትላለች። እኛም በአንድ ድምፅ «ቆሟል!» እንላለን። ከዚህ አንዲት ቃል መጨመርም መቀነስም አይፈቀድላትም። ከእሷ በፊት የነበረው ነጋሪ አንድ ቀን «ይመስለኛል» የምትል ቃል ጨምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

አሁን ለመናገር የምፈራው ላይ ደረስኩ። አውሬዎቹ ይቆሙ ነበር። የዝናቦው ነብር በፍርግርጉ መሀል በአራት እግሩ እንደቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አይተኛም፣ አይንጎራደድም፣ ጉልበቱ አይታጠፍም። ድንኩ ዝሆንም ቆሟል። ጉሬዛው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምግብ ሲጎርሱ ያኝካሉ፣ ላባ ሲደቀንባቸው ይተነፍሳሉ፤ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል። በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከማኘክ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። እኛ ታዲያ ደስ ይለን ነበር። «አያችሁ፣ እማኙም እንደ ደኑ ቆሟል!» እያልን ለልጆቻችን እናሳያለን። እንዲህ ያለ ጅልነት ያስቆጣኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኔው ያስቆጣኛል።

ያልቆመች አንዲት ብቻ ነበረች። ከጥቁሬ ደን የመጣች፣ ሰው የምታክል፣ ቀይ ጠጉር ያላት የዛፍ ፍጥረት ናት። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ ሕዝቡ እሜቴ ይላታል። እሜቴ ቁጭ ብላ የጎብኚውን እጅ በፍርግርጉ መሀል ትቀበልና ታሸታለች። ጣትን ከጣት ለይታ፣ መዳፍን ገልብጣ ትፈልጋለች። ምን እንደምትፈልግ አናውቅም ነበር። የእኔ እጅ ዘወትር በዘይት የራሰ ስለሆነ ከሰው ሁሉ አብልጣ እኔን ታቆየኝ ነበር፤ በዚህም ትንሽ እኮራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ ማሰሮ ከፍቼ፣ በሮቼን ቀብቼ መጣሁና እጄን ሰጠኋት። አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው እጄን ቀስ ብላ መለሰችልኝና ተነሣች። ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፤ በዚያው ቆመች። ብጠራት አልሰማችም፤ ሙዝ ባቀብላት አላየችውም። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ።

እትዬ ማዘንጊያ አላጨበጨበችም። ጎብኚው ሲበተን ወደ እኔ መጣች።

«ዛሬ የቀባኸው ዘይት የየት ነው?»

«የጥቁሬ። ሰሞኑን ገበያውን ሞልቶት የለም እንዴ?»

«ነብሩ የቆመ ሰሞን ገበያውን የሞላው የየት ነበር?»

«የዝናቦ ይመስለኛል።»

«ዝሆኑ የቆመ ሰሞንስ?»

«ማኅተሙ እኮ ቆሟል ነው የሚለው፣ እትዬ» አልኳት።

«ሰው ሲሞት ልቡ ምን ሆነ እንላለን?»

«ቆመ።»

«ወፍጮ ሲበላሽስ?»

«ቆመ።»

«ይኸው ነው» አለች። «ማኅተሙ ዋሽቶ አያውቅም። እኛ ነን ያልሰማነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን አደረግህ ብትሉኝ፣ ምንም አላደረግሁም። ሰኞ ተነሥቼ በሮቼን ቀባሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በር እኮ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእትዬ ማዘንጊያ ታናሽ ወንድም ጓንጉል ሁለት ማሰሮ ተሸክሞ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። የመጣው ከትውልድ አገራቸው ከመሸሻ ነው። በዚያን ሰዓት እኔ የሊቀ እማኙን ቢሮ በር እየቀባሁ ስለነበር ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ።

«የመሸሻ ዘይት ነው፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «ዘንባባውን የተከልነው አባቶቻችን አርሰው በተዉት ጠፍ መሬት ላይ ነው። ከደኑ አንዲት ዛፍ አልነካንም። ማኅተም ይመታልን።»

«እማኙስ?» አሉ ዘርጋው።

«ደኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«መኖር ያለበት እዚህ ነው።»

«እዚህ ካለማ እዚያ አይኖርም፣ ጌታዬ።»

ዘርጋው አዘኑለት። ከልባቸው ነበር ያዘኑት፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። «ስማኝ ወንድሜ» አሉት። «እማኝ የሌለው ደን በመዝገብ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ አይቆረጥም። ነገ ሰዎች መጥተው መሸሻን ቢመነጥሩት፣ በደንቡ መሠረት ማንም ምንም አልቆረጠም ማለት ነው። እኔ ይህ እንዲደርስባችሁ አልፈልግም። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ እማኝ አምጣልኝ።»

ጓንጉል ወጥቶ ከእህቱ ጋር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመ። ዝናቡ ጀምሯል።

«እማኝ ማምጣት ምን ይቸግራል ብለሽ ታስቢ ይሆናል» አላት። «የአውሬውን ግልገል ለመያዝ እናቲቱን መግደል ነው፣ እትዬ። እናቲቱን ለማውረድ ደግሞ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ መጣል ነው። አንዴ መጣል ከጀመርን ምን ያስቆመናል?»

«ካላመጣችሁስ?»

«ሰምተሽ የለ። የለንም ማለት ነው።»

እትዬ ማዘንጊያ ዝናቡን እያየች ደንቡን በቃሏ አለችው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። «እማኝ ማለት በደኑ ውስጥ የተወለደ፣ የሚበላ፣ የሚተነፍስ ነው።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔ የት ነው የተወለድኩት?»

«በናትሽ አትቀልጂ።»

«እማማ እንጨት ለቀማ ወጥታ ነው ምጥ የያዛት። እዚያው ደኑ ውስጥ ነው የተገላገለችኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

ጓንጉል ክፈፉ ሥር ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። እሷ ግን አንዴ ከወሰነች የምትመለስ ሰው አልነበረችም።

የመሸሻ እማኝ እኔው ልሁን ማለቷን ሰምተው ሹማምንቱ ሦስት ቀን ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን ዘርጋው ራሳቸው ጠየቋት።

«ጅራት አለሽ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ደንቡ ስለ ጅራት ምን ይላል?»

ጸሐፊው ገለጠ፣ ገለጠ። ደንቡ ስለ ጅራት ምንም አይልም። ላባ አመጡና ከአፍንጫዋ ፊት ደቀኑ፤ ተነቃነቀ፤ «ተነፈሰች» ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘንጓን ለአዲሱ ነጋሪ አስረክባ፣ መቀመጫ የሚሆናት አንድ ዱካ ይዛ፣ ከእሜቴ ቀጥሎ ወዳለው ባዶ ቤት በገዛ እግሯ ገባች። በሩን ከውስጥ ስትስበው ማጠፊያው ሲጥ አለ። ሥራዬ ነውና ሄጄ ቀባሁት። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ለመሸሻ ማኅተም ተመታ። ጓንጉል ዓይኑ አብጦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሹማምንቱ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ነጋሪው ምን እንደሚናገር ተደንግጓል፤ እማኝ ምን እንደሚናገር ግን የደነገገ የለም፤ እስከዚያ ቀን የተናገረ እማኝ አልነበረማ። አዲሱ ነጋሪ «ይህች የመሸሻ ደን እማኝ ናት። ትበላለች። ትተነፍሳለች። ደኑ ቆሟል» ብሎ ሲጨርስ፣ እትዬ ማዘንጊያ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ የጎብኚውን እጅ በፍርግርጉ መሀል ትቀበልና ታሸታለች።

«ይሄ ዘይት የጥቁሬ ነው» ትለዋለች። «እዚያች ቀይዋ ጋ ሂድ። ለምን እንደቆመች ራስህን ጠይቅ።» ለሌላዋ፦ «ይሄ ደግሞ የዝናቦ ነው፣ እናቴ። ነብሩን አየሽው? እጅሽ ላይ ያለው እሱ ይተኛበት የነበረው ጥላ ነው።»

አንዳንዱ ይደነግጥና «እንግዲህ ዘይት የሚባል ቤቴ አይገባም!» ይላል። እሷ ግን በዚህ አትስማማም። «ብትተዉት በምትኩ ሌላ ፍሬ ይተከላል፤ ያኛው ደግሞ ከዚህ የበለጠ መሬት ይፈልጋል። ዘንባባው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የተተከለበት ቦታ ነው። ደን ሳይነካ የሚጨመቅ አለ፤ የመሸሻን ሰዎች ዘይት ፈልጉ» ትላለች።

ሰው ሊሰናበታት ሲል ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፦ «ተቀምጫለሁ አይደል?» አውሬዎቹ መቆማቸውን የሚያውቁ አይመስላትም ነበር፤ እሷም ሳታውቀው እንዳትቆም ትፈራለች። «ተቀምጠሻል፣ እትዬ» እንላታለን። ያኔ ፊቷ ይፈታል።

ከተማው ተለወጠ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ተለወጠ። ሴቶች ገበያ ላይ የጥቁሬን ማሰሮ በእግራቸው ገፍተው ሲያልፉ አይቻለሁ። ዓመት ሳይሞላ «የመሸሻ ነው ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ ገዢ ጠፋ። ልጆች በጨዋታቸው «መሸሻ፣ መሸሻ!» ይሉ ጀመር። ጎብኚው ስለበዛ ዘርጋው ለግቢው ሁለተኛ በር አስከፈቱ፤ እኔም አንድ በር ተጨመረልኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሦስቱንም በመሸሻ ዘይት ቀባሁ። ሚስቴ እንኳን ዳቦው ላይ ያለውን አሻራዬን መንቀፍ ተወች። በሕይወቴ ንጹሕ ሰው መሆኔ የተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት በበጋ ጓንጉል መጣ። ወደ ግቢው አልገባም፤ አዲሱን በር ስቀባ አገኘኝና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አትገባም እንዴ?» አልኩት። «እትዬ ስትጠብቅህ ነው የከረመችው።»

«በምን ዓይኔ ልያት?» አለ።

ብሩሼን አስቀመጥኩ።

«የእኛ ጠፍ መሬት በወር አርባ ማሰሮ ይሰጣል» አለኝ። «ከተማችሁ በቀን አራት መቶ ጠየቀ። የመሸሻ፣ የመሸሻ አላችሁ። የሊቀ እማኙ ሰዎች መጥረቢያና የዘንባባ ችግኝ ጭነው መጡ። ደኑን ልትጥሉት ነው ወይ ብንላቸው ሳቁብን። እንዴት ይወድቃል፣ እማኙ እኮ ትበላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ማኅተምም አለው አሉን። ያኔ ማኅተም ሳይኖረን ቢቆርጡት እንኳ እንደ ሌባ ተደብቀው ነበር የሚቆርጡት። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ በማኅተም ቆረጡት።»

«አለቀ?»

«ትናንት ጨረሱ።»

እጄን አየሁት። ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ቀይ ነው። ያን ዕለት ማለዳ የከፈትኩት ማሰሮ ትኩስ ነበር፤ ሻጩ «አዲስ የገባ የመሸሻ» ብሎ ሲያቀብለኝ አመስግኜዋለሁ።

ጓንጉልን ደጅ ትቼ ገባሁ። ሰዉ እንደ ልማዱ በፍርግርጉ ፊት ተኮልኩሏል፤ ያጨበጭባል። ዱካው ባዶ ነበር። እትዬ ማዘንጊያ ከኋላው ቀጥ ብላ፣ እጆቿን በጎኗ ጥላ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ቆማለች። ከጎኗ እሜቴ፣ ከዚያ ወዲያ ነብሩ፣ ከዚያ ወዲያ ዝሆኑ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያሉ። ተጠግቼ ስሟን ጠራሁ። ከአውሬዎቹ የምትለየው በዚህ ብቻ ነበር፤ ሰማችኝ።

«ተቀምጫለሁ አይደል?» አለችኝ። ፊቷን አላዞረችም።

ከእኔ በፊት የጠየቀቻቸው ሁሉ ምን እንዳሏት አላውቅም። ልዋሻት ከልቤ ፈልጌ ነበር፤ አፌን ከፍቼም ነበር።

«ቆመሻል፣ እትዬ» አልኳት።

ጉልበቷን ልታጥፍ ስትሞክር አየሁ፤ ቀሚሷ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቷ ግን አልታጠፈም።

«ጓንጉል መጥቷል?»

«ደጅ ነው።»

«እንዳይገባ።» ብላ ቀጠለች። «አንተ ዛሬ በሮቹን በየትኛው ቀባህ?»

«በመሸሻ።»

«ስትገዛው ሻጩን ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«የመሸሻ ነው ወይ ብዬ።»

«ሌላስ?»

ከኋላዬ ነጋሪው ዘንጉን መሬት ላይ መታ፣ መታ አደረገ። ትበላለች አለ። ትተነፍሳለች አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ቆሟል!» አለ፤ ግቢው ተናጋ። እሷ ድምፁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ሌላስ ምን ጠየቅኸው?» አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅሁትም ነበር።